አርባ ቋጠሮ

እህቴ አንጓች ከዳንግላ የደወለችልኝ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "እትዬ"፣ "እምቢ"፣ "ወተት" ከሚሉት ቃላት በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ሙከራ ነው። አክስታችን እትዬ ተዋበች አልጋ ከያዘች ወር ሊሞላት ነው። እህል አልወርድ ብሏታል። ሐኪሙ በቀን ሦስት ጊዜ ወተት እንድትጠጣ አዟል። ወቅቱ ግን የገና ጾም ነውና አልነካም ብላለች። የንስሐ አባቷ እቤት ድረስ መጥተው፣ "የታመመ ሰው አይጾምም፤ እኔ ፈትቼዎታለሁ" ብለዋታል። ቄሱ ፈቀዱ፤ እሷ አልፈቀደችም።

"የሹ፣ እንዲህ ከቀጠለች ገናን አትደርስም" አለችኝ አንጓች። "ደግሞ አንቺን ትጠራለች።"

"እኔን ምን ልትለኝ?"

"እኔ ምኑን አውቄ! ብቻ ነይ።"

እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩን ስዘጋ ሐዘን አልተሰማኝም። ለአርባ ስምንት ዓመት በሆዴ የያዝኩት፣ ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም ያልተነፈስኩት አንድ ነገር ነበር። እሱን ሳልነግራት ከሞተች እንዳሸነፈችኝ ትሞታለች ማለት ነው። ያን ደግሞ አልፈልግም። ስለዚህ የተሰማኝ ችኮላ ነበር። ዘጠና ዓመት ሊሞላት የቀረባትን ሴት "እሷ" እያልኩ መጻፌን የሚታዘበኝ አንባቢ ይኖራል። ፊት ለፊት "አንቱ" እያልኳት ነው ያደግሁት፤ አንድም ቀን አላጎደልኩባትም። ወረቀቱ ግን የራሴ ነው።

በማግስቱ ማለዳ በባጃጅ እንጅባራ መናኸሪያ ደርሼ የዳንግላውን ሚኒባስ ያዝኩ። ውርጩ ገና አልተነሳም፤ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። ከከተማው ስንወጣ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ ነው። በእኔ ልጅነት ይህ ሁሉ የገብስ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ገበሬው ዛፉን ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። አዲስ ቅዳም ላይ የከሰል ማዳበሪያው አስፋልት ዳር ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ከዚያ አለፍ ሲባል በስተግራ፣ ኮረብታ ላይ፣ በጽድ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት የማዞር ልማድ ነበረኝ። ያን ቀን ግን አየሁት። ግድግዳው ውስጥ የማውቃት አንዲት ድንጋይ አለች።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናታችን የሞተችው አንጓችን ስትወልድ ነው። አባታችን ሌላ ሚስት አግብቶ ወደ አዘና ሲሄድ፣ ሁለታችንን እህቱ እትዬ ተዋበች ወሰደችን። ይህን ውለታዋን አልክድም። ልክድ ብልም የምትለቀኝ ሴት አልነበረችም፤ በሳምንት ሁለቴ ታስታውሰናለች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ነበረች። አማርኛ ብቻ ነው የምታውቀው። ከእናቴ የወረስኩትን አገውኛ ቤቷ ውስጥ እንድናገር አትፈቅድም። "የምታሙኝ ይመስለኛል" ትላለች። እናማት ስለነበር አልተሳሳተችም።

እትዬ ተዋበች በዚያ ሰበካ የታወቀች ጾመኛ ነበረች። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም። ስትሰግድ ጉልበቷ መሬቱን ሲመታ እጓዳ ድረስ ይሰማል። ድሃ ታበላለች፤ የበላውም ሰው ማን እንዳበላው እንዳይረሳ ከአፉ ላይ ቆማ ስሟን ሁለት ሦስት ጊዜ ታነሳለታለች። መልካም መሥራቷን አልነቅፍም። ብዙዎች በእሷ ደጅ ከረሃብ ተርፈዋል። ነገር ግን የሠራችውን ሁሉ እንደ መያዣ ነበር የምታስቀምጠው። እግዚአብሔር አንድ ቀን እምቢ ቢላት የምታሳየው ነገር እንዲኖራት ትፈልጋለች።

የገና ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ገብስ እየታጨደ ሳለ፣ አንጓች ታመመች። ሰባት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ራሴን አለች። ከዚያ ትኩሳቱ ልብሷን አልፎ የሚፈጅ ሆነ። በሳምንት አንድ ቀን በበቅሎ የሚመጣ ድሬሰር ነበር፤ ተስቦ ነው ብሎ መርፌ ወጋት። ሲሻላት ሲብስባት ጾሙ ገባ።

ያኔ እትዬ ተዋበች ስለት ተሳለች። የተሳለችው እሷ፣ የምፈጽመው እኔ።

ባለፈው ክረምት የቤተ ክርስቲያናችን የጭቃ ግድግዳ በዝናብ ተደርምሶ፣ በድንጋይ እየተሠራ ነበር። የሀገሩ ሰው ሁሉ ከወንዝ ድንጋይ እየተሸከመ ኮረብታውን ይወጣል። ንስሐ የገባው፣ ስለት ያለበት፣ ልጅ የታመመበት፣ ሁሉም ተሸካሚ ነው። ወንዶቹ በትከሻ፣ ሴቶቹ በገመድ በጀርባ።

"አንቺ ልጅ ነሽ፤ ኃጢአት አልበዛብሽም" አለችኝ። "እኔ ስግደቱን እጨምራለሁ። አንቺ ደግሞ አርባ ቀን፣ አርባ ድንጋይ። ከወንዙ፤ እህል ውሃ ሳትቀምሺ። አንድ ቀን ብታጎድይ ግን..."

አልጨረሰችውም። አንጓች ወደ ተኛችበት መደብ ዞር ብላ አየች። መጨረስ አላስፈለጋትም።

ጥጥ ፈትላ፣ ወፍራም ክር ገመደች። በየማለዳው ከኪዳን በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ድንጋዩን ተሸክሜ በፊቷ አልፌ ክምሩ ላይ ስጥለው፣ ክሩ ላይ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ከዚያ ተነስታ ትሄዳለች። "ደከመሽ?" ብላኝ አታውቅም።

ሃያ አንድ ቀን በሐቅ ተሸከምኩ። ይህን ማንም አይወስድብኝም። ወንዙ በዚያ ወቅት እጅ ይቆርጣል። ድንጋዩ ጀርባዬ ላይ ሲሆን ውሃው በቀሚሴ አልፎ እስከ ወገቤ ይወርዳል፤ ዳገቱን አጋምሼ ፀሐይ ስትወጣ ጀርባዬ ይጨሳል። ከማሳው የአጫጆቹ ዘፈን ይሰማል። እሸት እየጠበሱ ከሆነ ደግሞ ሽታው ዳገቱ ድረስ ይከተለኛል። አንዳንዴ ሳልሰርቅ አንድ ዛላ ገብስ በእጄ ፈትጌ፣ አሽትቼ፣ መልሼ እጥላለሁ። በሃያ አንደኛው ቀን ድንጋዩን ስጥል እግሬ ላይ አረፈ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ተነሳ።

በሃያ ሁለተኛው ማለዳ ውርጩ ጠንክሮ ነበር። እያነከስኩ ከቤት ወጣሁና ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። መንገዱ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው የሚያልፈው። እዚያ የድንጋዩ ክምር ጫፍ በጽዶቹ መሐል ይታያል። ከደጀ ሰላሙ ግን ያ ጫፍ አይታይም። ቆምኩ። ዳገቱን ወደ ታች አየሁት። እግሬን አየሁት። ከዚያ መሐሏ ላይ ነጭ መስመር ያላትን ድንጋይ ከክምሩ አንስቼ በጀርባዬ አሰርኩ። ወንዝ ወርጄ የምመለስበትን ያህል ጽዱ ሥር ተቀምጬ ቆየሁና፣ ጎንበስ ብዬ፣ እያቃሰትኩ፣ ዞሬ በእትዬ ፊት አለፍኩ።

"ጎበዝ ልጄ" አለችኝ፤ ቋጠረች።

ልጄ ስትለኝ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። በሐቅ ከተሸከምኳቸው ሃያ አንድ ድንጋዮች አንዱም ያን ቃል አላስገኘልኝም።

እሷ ወደ ቤት ስትገባ ድንጋይዋን መልሼ ወደ ኋላ ወሰድኳት። በማግስቱም እሷኑ ተሸከምኩ። በማግስቱም። ለምን አንዷን ብቻ? ጀርባዬን ስለለመደች ነው። ደግሞም አንድ ድንጋይ ዘጠኝ ጊዜ መስረቅ፣ ዘጠኝ ድንጋይ ከመስረቅ የቀለለ ኃጢአት መስሎኝ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ፈገግ እላለሁ፤ ያኔ ግን የማስበው ከልቤ ነበር።

ፈገግታው የሚቆመው አንጓችን ሳስታውስ ነው። እኔ ባታለልኩ ቁጥር እሷ ባሰባት። በሃያ አምስተኛው ቀን መቀመጥ አቃታት። በሃያ ስምንተኛው ከንፈሯ ተሰነጠቀ። በሠላሳኛው ቀን ውሃ ላጠጣት ቀና ሳደርጋት፣ አይታት የማታውቀውን እናታችንን መስያት "እማዬ" አለችኝ። እትዬ ተዋበች ከበሩ ላይ ሆና፣ "የጎደለ ነገር አለ፤ ካንቺ ወይም ከእኔ አንድ ነገር ጎድሏል" አለች። ካንቺ ወይም ከእኔ ብትልም፣ የምታየው እኔን ነበር።

የጎደለውን እኔ አውቀዋለሁ። እህቴን እየገደልኳት ነበር።

በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ሁሉንም ትቼ ወንዝ ልውረድ ወይስ እንደለመድኩት ላድርግ እያልኩ ጽዶቹ ሥር ስደርስ፣ ድንጋይዋ የለችም። ከፊት ከኋላ ፈለግኳት።

"ነጭ መስመር ያላትን ነው?" አለ ከበላዬ አንድ ድምፅ፣ በአገውኛ።

ግንበኛው አያ ቢምረው ነበር። መወጣጫው ላይ ተቀምጦ መሮውን ይስላል።

"እዚህ ናት" አለ፣ በሴቶች መግቢያ በኩል ወዳለው አዲስ ግድግዳ እያመለከተ። "ዘጠኝ ቀን ስትዞር አየኋት። እግር ሳታወጣ ግድግዳ ውስጥ ባስገባት ይሻላል ብዬ ነው።"

"ለእትዬ ነገርካት?" አልኩት፤ አንቱታውም ጠፋኝ።

"እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ድንጋይ እንጂ ወሬ አላቀብልም" ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። "ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?"

"እህቴ ልትሞት ነው። በእኔ ነው።"

መሮውን አስቀመጠ። "ቄስ አላምረው አውድማቸው ላይ ናቸው። ሂጂ። አሁኑኑ ሂጂ።"

ቄስ አላምረው የሁላችንም የንስሐ አባት ነበሩ። እንደማንም ገበሬ ያርሳሉ፤ ያን ጠዋት ገብሳቸውን በበሬ እያስወቁ ነበር። ጢማቸው ውስጥ ገለባ ገብቷል። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። በሬዎቹን አቁመው፣ ነዶ ላይ አስቀመጡኝና መጀመሪያ የተናገሩት "እግርሽን አሳዪኝ" የሚል ነበር። አዩት። "ይህን ይዘሽ ነው ዳገት የምትወጪው?" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አባ፣ እህቴን ገደልኳት።"

"እስቲ ልጠይቅሽ። ክርስትና የተነሳሽው በስንት ቀንሽ ነው?"

"በሰማንያ ቀኔ ነዋ፤ እንደ ሴቶቹ ሁሉ።"

"በዚያ ሰማንያ ቀን ውስጥ ስንት ድንጋይ ተሸከምሽ?"

እንባዬን በቀሚሴ ጠረግሁ።

"እኔ ነኝ ያጠመቅሁሽ፤ አልረሳውም። አንድም ሥራ አልሠራሽም። እንዲያውም ጮኸሽ ጮኸሽ ሰው አስቸገርሽ፤ የእኔንም ጉንጭ ቧጨርሽ። እግዚአብሔር ግን ልጄ አለሽ። ያኔ ያለ አንዳች ሥራ የተቀበለሽ፣ ዛሬ ዘጠኝ ድንጋይ ጎደለ ብሎ እህትሽን ይቀማሻል ብለሽ ነው?"

"ስለት ነው እኮ አባ። አታለልኩት።"

"ውሸቱ ኃጢአት ነው፤ ይኸው ተናዘዝሽ፣ ንስሐ ገባሽ። እሱ ግን ነጋዴ አይደለም። የአንጓችን ነፍስ በአርባ ድንጋይ ለተዋበች ለመሸጥ አልተዋዋለም። ምሕረት የሚባለው እንዲያው ስለሚሰጥ ነው። ማመን ማለት ደግሞ ያን ለመቀበል እጅ መዘርጋት ነው። ድንጋይ የያዘ እጅ ምን ይቀበላል?"

"ብትሞትስ?"

ወዲያው አልመለሱልኝም። ይህን እወድላቸዋለሁ። "ብትሞት በአንቺ ድንጋይ ጉድለት አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ብትድንም በአንቺ ድንጋይ አይደለም። ሁለቱንም ያዢ፤ አንዱን ብቻ ከያዝሽ ትወድቂያለሽ።"

"እና ድንጋዩ ለምንድነው?"

ሳቁ። ከጢማቸው ላይ ገለባው ረገፈ። "ድንጋዩማ ለግድግዳ ነው! ግድግዳ ከሌለ ክረምት ዝናቡ ይገባብናል። ልጅ የአባቷን ቤት ስትሠራ ልጅ ለመባል አይደለም፤ ልጅ ስለሆነች ነው። አሁን ሂጂና ከእህትሽ አጠገብ ተቀመጪ።"

እያነከስኩ ቤት ስደርስ አንጓች ዓይኗን ገልጣ አገኘኋት። ግንባሯ በላብ ርሷል፤ ስነካው ቀዝቅዟል። ጎረቤታችን ያመጣችውን ቅቅል ድንች እየቆረሰች አፏ ላይ ታዞራለች።

"የሹ" አለችኝ። "ጨው የለውም።"

እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ድሬሰሩ በሳምንቱ ሲመጣ መርፌዬ ያዘላት አለ። እትዬ ስግደቴ አለች። እኔ ምንም አላልኩም። ከአውድማው ዕለት ጀምሮ የቀሩኝን አሥር ድንጋዮች ከወንዙ ነው ያመጣሁት፤ አንድ ድንጋይ እየተሸከምኩ ሦስት ጊዜ እየተቀመጥኩ። ክብደታቸው ያው ነበር። ግን ደጀ ሰላሙ ላይ ስደርስ እትዬ ታየኝ አታየኝ ማለት ትቼ ነበር። ግድግዳው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ነው የማየው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በገና ዕለት እትዬ ተዋበች በግ አርዳ ሰበካውን ጠራች። ሰው ሁሉ በልቶ ጠላ ሲይዝ፣ ተነስታ ክሩን ከአንገቷ አወጣችና ከፍ አድርጋ አሳየች። "ልጅቷን ያዳናት ይህ ነው! የእኔ ስግደትና ይህ አርባ ቋጠሮ!" እልልታው ቤቱን ሞላው። ቄስ አላምረው ወደ እኔ አየት አደረጉና ጢማቸውን ጠርገው፣ ቀስ ብለው፣ "እግዚአብሔር ነው ያዳናት፣ ተዋበች" አሏት። "አዎ አባ፣ በስለቴ" አለች እሷ።

ከዚያ በኋላ ያ ክር ከቤታችን አልወጣም። ከሰባተኛ ክፍል አስወጥታ፣ አይቼው ለማላውቅ የእንጅባራ ሰው ስትድረኝ፣ "እህትሽ በማን ስለት ቆመች?" ብላ ክሩን አወጣች። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማርና። ግን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። አንጓች ከፍ ብላ ወደ ባሕር ዳር ሄጄ ልማር ስትል ክሩ ወጣ። እውነቱን አውጥቼ አፏን በዘጋሁት እያልኩ ስንት ጊዜ ተመኘሁ። መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ ደግሞ ምስጢሩን ለሚጎዳበት ቀን አስቀመጥኩት። የቄሱን ቃል ለራሴ ያዝኩት፣ ኖርኩበትም። ለእሷ ግን ከዚያ ላይ አንድ ፍርፋሪ አላቀመስኳትም።

ሚኒባሱ ዳንግላ ሲያደርሰኝ ፀሐይዋ ሞቃ ነበር። እትዬ አሁን የምትኖረው አንጓች ቤት ነው፤ የምታጥባት፣ የምታገላብጣት እሷ ናት። አንጓች ዛሬ ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። የአምስት ልጆች እናት ናት፤ ትልቅ ድምፅ አላት። አቅፋኝ ስታበቃ "እንዳትቆጪያት" አለችኝ በጆሮዬ።

እትዬ ተዋበች አልጋው ላይ የልጅ ያህል ሆናለች። አጠገቧ በርጩማ ላይ ወተት በኩባያ ተቀምጧል፤ ላዩ ስልባቦት ይዟል። በጣቶቿ መሐል የቆሸሸ፣ የጠቆረ ክር አለ።

"መጣሽ የሻረግ?"

"መጣሁ እትዬ። እንዴት ነዎት?"

"ባዶዬን ነኝ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ጉልበቴ ከዳኝ። ከሰኔ ወዲህ አንድ አልሰገድኩም። አሁን ደግሞ ጾሜን ሊያስገድፉኝ ነው። ምን ይዤ ነው እፊቱ የምቆመው? ከሥራዬ ሁሉ የቀረኝ ይህ ነው። ስሞት ከከፈኑ ውስጥ፣ እጄ ላይ እሰሪልኝ። የተሸከምሽው አንቺ ነሽና ምስክሬ አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው ያስጠራሁሽ።"

አርባ ስምንት ዓመት የጠበቅኩት ቦታ ይኸው ነበር። ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

"እትዬ" አልኳት፣ "ከዚያ ክር ላይ ዘጠኙ ውሸት ነው።"

አንጓች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሁሉንም ነገርኳት። ጽዶቹን፣ ነጭ መስመር ያላትን ድንጋይ፣ ማቃሰቴን።

"አንቺ ሌባ!" አለች እትዬ፤ ከየት እንዳመጣችው በማላውቀው ጉልበት በክርኗ ተነሳች። "በደጀ ሰላሙ ፊት? ዘጠኝ ቀን?"

"ዘጠኝ ቀን።"

"ያውም አንዲት ድንጋይ?"

"አንዲት ድንጋይ።"

"ጎበዝ ልጄ ብዬሽ ነበር እኮ!"

"ብለውኛል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ግን አላሉኝም።"

መልሳ ተኛች። ጣቶቿ ክሩን መዳሰስ ጀመሩ።

"የትኞቹ ናቸው?"

"ከሃያ ሁለተኛው እስከ ሠላሳኛው።"

ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ በጣቷ ሄደች። ሃያ ሁለት ላይ ስትደርስ ቆመች፣ አሸችው። ወደ ሃያ አንድ ተመለሰች፤ እሱንም አሸችው። ደግማ ሃያ ሁለት።

"አይለዩም" አለች።

"አይለዩም፣ እትዬ።"

አንገቷን ወደ በሩ አዞረች፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ወደምታብሰው ወደ አንጓች። "ታዲያ ይቺ በምን ዳነች?"

የመጣሁበትን አግኝቻለሁ። እዚያ ላይ ተነስቼ ብሄድ ጉዳዬ አልቋል። ግን ፊቷን አየሁት። ያ ኩራት በሙሉ ወርዶ ከሥሩ የቀረው ፍርሃት ብቻ ነበር፤ አውድማ ላይ እኔ ይዤው የሄድኩት ፍርሃት። አዘንኩላት ለማለት ይከብደኛል። ጥያቄው በራሱ ነው አፌ ላይ የመጣው።

"እትዬ፣ ክርስትና የተነሱት በስንት ቀንዎ ነው?"

"በሰማንያዬ ነዋ። ይህ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?"

"በሰማንያ ቀን ውስጥ ስንት ሰገዱ? ስንት ጾሙ?"

አየችኝ። ፈገግታ የሚመስል ነገር ጥርስ አልባ አፏን ያዝ አደረገው። "ቄሱ ላይ ሽንቴን ሸንቼባቸው ነበር አሉ" አለች። "እናቴ እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ።"

"ታዲያ ተቀበለዎት ወይስ መለሰዎት?"

"ማን? ቄሱ?"

"እግዚአብሔር።"

ጣቷ ክሩ ላይ ቆመ። "ተቀበለኝ።"

"ያኔም ባዶ እጅዎን ነበሩ።"

"ይህን ሁሉ ዘመን የሰገድኩትስ? ውሃ በላው?"

"አልበላውም። ልጅ ለአባቷ የሰገደችው ነው፤ ደስ ይለዋል። መግዣ ግን አልነበረም። የሚሸጥም ነገር አልነበረም።"

"ከማን ሰማሽው?"

"ከቄስ አላምረው። አውድማ ላይ፤ ያኔ።"

"አባ አላምረው" አለች፣ ዓይኗን ጨፍና። "ለእኔም ነግረውኝ ነበር፤ በገና ዕለት። አፌን ከፍቼ መለስኩላቸው እንጂ አልሰማኋቸውም።" እንቅልፍ የወሰዳት መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "አንጓች፣ ምን ትገተሪያለሽ? ወተቱን አሙቂልኝ። ቀዝቅዟል" አለች።

አንጓች ወተቱን ይዛ ስትሮጥ ግማሹን መሬት ላይ ደፋችው። እኔ ከትራሳቸው ቀና አድርጌ ያዝኳቸው፤ በሁለት እጃቸው ኩባያውን ይዘው፣ እያረፉ፣ እስከ ግርጌው ጠጡ። ሲጨርሱም "ውሃ አለበት" ብለው አጉረመረሙ። "ያዝኳቸው" ብዬ ጻፍኩ መሰለኝ። ይሁን፤ አላጠፋውም።

ስለ ትምህርቴ ይቅርታ አልጠየቁኝም። ስለ ባሌም አላነሱም። እኔም ስለ ዘጠኙ ቀን ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ስነሳ አንጓች ድንች በከረጢት ሞልታ ሰጠችኝ፤ አፉን የምናስርበት ስናጣ እትዬ ከአልጋቸው ላይ ክሩን ዘረጉልኝ።

"በዚህ እሰሪበት። ጠንካራ ነው፤ በእጄ ነው የገመድኩት።"

እስከ መጨረሻው መኩራራት አይተዉም።

እንጅባራ ከገባሁ ሁለት ሳምንት አልፏል። ድንቹ ተበልቶ እያለቀ ነው፤ ክሩ ግን ከረጢቱ አፍ ላይ አለ። ዛሬ ጠዋት ስፈታው እኔም በጣቴ ሃያ ሁለተኛውን ፈለግኩ። አልለየሁትም። እሱን እየፈለግኩ ሳለ ነው ሌላው ክር ትዝ ያለኝ፤ የእሳቸውን በደል አንድ በአንድ የቋጠርኩበት፣ ማንም አይቶት የማያውቀው። ያኛውንም ሳስበው፣ የትኛው በትክክል የሆነ፣ የትኛው እኔ በዓመታት ያጠበቅኩት እንደሆነ መለየት እያቃተኝ ነው። አንዳንዱ እውነት ነው። ያን አልለውጥም። ያ ክር ግን ከረጢት እንኳ አያስርም።

ከሰዓት በፊት አንጓች ደውላ ነበር። እትዬ በቀን ሦስት ኩባያ እየጠጡ ነው፤ ትናንት ተቀምጠው ጸጉራቸውን አስበጥረዋል። ለገና እንድመጣ ይፈልጋሉ።

"ምን ይዘሽ ትመጫለሽ?" አለችኝ፣ እንደ ልማዷ እየቀለደች።

"ምንም" አልኳት።

"ባዶ እጅሽን?"

"ባዶ እጄን።"